ኬሮ፦ መንገደኛ የማይወርድባት መገናኛ

ኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የኢሊኖይ ግዛት እየጠበበች ሄዳ በአንድ ሹል መሬት ታበቃለች። በዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው በስተምሥራቅ ኦሃዮን አሻግሮ ኬንታኪን፣ በስተምዕራብ ሚሲሲፒን አሻግሮ ሚዙሪን ያያል። በሁለት ድልድዮች ሦስቱን ግዛቶች ለማዳረስ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እዚሁ ጫፍ ላይ፣ ዙሪያዋን በአፈር ክትርና በሲሚንቶ ግንብ ታጥራ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። መሥራቾቿ ስሟን የወሰዱት ከግብጹ ካይሮ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን «ኬሮ» ብሎ ስለሚጠራት እዚህም በዚያው ስም ትጠራለች።

በ1920 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬሮ 15,203 ነዋሪዎች ነበሯት። በ2020 ሲቆጠሩ 1,733 ብቻ ተገኙ። በነዚህ መቶ ዓመታት ጦርነት አላቃጠላትም፤ የምድር መንቀጥቀጥም አላፈረሳትም። ወንዞቹ ደጋግመው ቢያስፈራሩም ግንቡን ጥሰው አልገቡም። ታዲያ ሰዉ ወዴት ሄደ?

ጥያቄው በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ሁለት መልስም ተሰጥቶታል። አንደኛው ወገን ጥፋቱን በድልድዮቹና በአውራ ጎዳናው ላይ ያደርጋል፤ መንገደኛው እንዳይቆም ያደረጉት እነሱ ናቸው ይላል። ሌላው ወገን የዘር ጥላቻን ይከስሳል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ቦታዋ ለኬሮ ያልሰጣት ነገር አልነበረም። የተሰጣትን ለመጋራት እንቢ ያሉት የከተማዋ ባለ ሥልጣንና ባለ ንብረት ነጮች ናቸው፤ ድልድዩ ያመጣው ጉዳት የማይሽር የሆነውም በዚህ እንቢታ ነው።

መጀመሪያ ስለ ውኃው። ከመገናኛው በላይ ኦሃዮ በአማካይ በሰከንድ 8,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ያወርዳል፤ ሚሲሲፒ ደግሞ 6,000 ገደማ። ስሙን ይዞ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚቀጥለው ግን ሚሲሲፒ ነው። ካርቱም ላይ ጥቁርና ነጭ ዓባይ ሲገናኙ ያየ ሰው ኬሮን ለመገመት አይቸገርም፤ እዚህም ጠራ ያለው የኦሃዮ ውኃና ደለል የተሸከመው የሚሲሲፒ ውኃ ወዲያው ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊሊያም ክላርክ ወደ ምዕራብ ሲዘምቱ በኖቬምበር 1803 እዚህ ሰፍረው ነበር። ኬክሮስና ኬንትሮስ መለካትን የተለማመዱት በዚህ መገናኛ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ የመሬት ነጋዴን ያሰክራል። በ1818፣ ኢሊኖይ ግዛት በሆነችበት ዓመት፣ ጆን ኮመጊስ የተባለ ነጋዴ ከተማና ባንክ የማቋቋም ፈቃድ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተና ሐሳቡ አብሮት ተቀበረ። በ1837 ዳርየስ ሆልብሩክ የተባለ ሌላ ሰው ኩባንያ መሠረተ፤ ለንደን ውስጥ የብድር ሰነድ ሸጦ ክትር፣ የመርከብ መሥሪያና መጋዘን ማሠራት ጀመረ። በ1840 የለንደኑ ገንዘብ አቅራቢ ሲከስር ሥራው ቆመ፤ ሺህ ያህል ከነበረው ሰው መቶ እንኳ አልቀረም። ቻርልስ ዲክንስ በእንፋሎት ጀልባ ያለፈው በዚህ መካከል ነው፤ በኤፕሪል 1842። የአሜሪካ ጉዞውን በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ ቦታውን ረግረግ፣ ወባማና የመቃብር ያህል አስቀያሚ አድርጎ ሣለው። «ማርቲን ቸዝልዊት» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ አጭበርባሪዎች የሚሸጧት «ኤደን» የተባለች ከተማም የተቀዳችው ከኬሮ እንደ ሆነ ይታመናል። የኬሮ ሰዎች ይህን እንግዳ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማዋን ያቆማት ባቡር ነው። የኢሊኖይ ሴንትራል ሐዲድ በ1856 ሲጠናቀቅ 705 ማይል ወይም 1,130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረው፤ በጊዜው ከዓለም የባቡር መስመሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። የደቡብ ጫፉ ኬሮ ነበረች። ከቺካጎ የመጣ ሰውና ዕቃ ኬሮ ላይ ይወርድና በጀልባ ይጫናል፤ ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ጥጥና ስኳር ኬሮ ላይ ይራገፍና ባቡር ላይ ይወጣል። በ1858 ኬሮ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆነች።

እዚህ ላይ የድንበሩን ነገር ማንሣት ግድ ይላል፤ ወንዙ ካርታ ላይ ብቻ የተሰመረ ወሰን አልነበረምና። በ1787 የወጣው ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ባርነትን ከልክሏል። በስተደቡብ ያለችው ኬንታኪና በስተምዕራብ ያለችው ሚዙሪ ግን የባርነት ግዛቶች ነበሩ። ስለዚህ ኬሮ በሁለት በኩል በባርነት ምድር የተከበበች ነጻ መሬት ነበረች። በማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን» ውስጥ ልጁና ከባርነት ያመለጠው ጂም በታንኳቸው ሲወርዱ የሚመኟት ከተማ ኬሮ ናት፤ ከዚያ በኦሃዮ ሽቅብ ወደ ነጻዎቹ ግዛቶች ለመሄድ አስበው በጭጋግ ሌሊት ሳያዩዋት ያልፏታል። ደራሲው ኬሮን የመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ በሚሲሲፒ ላይ ጀልባ መሪ ሆኖ የሠራ ሰው ነው።

ነጻነቱ ግን ምሉዕ አልነበረም። ኢሊኖይ በ1853 ባወጣችው ሕግ ጥቁሮች ወደ ግዛቲቱ ገብተው እንዳይኖሩ ከልክላ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1865 ነው። ባሪያም ነጻ ሰውም ሆኖ መግባት የማይፈቀድበት «ነጻ ግዛት» ነበረች ማለት ነው። 

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ ኬሮ በአንድ ሌሊት ከባቡር ጣቢያነት ወደ ጦር ሰፈርነት ተለወጠች። በሴፕቴምበር 1861 መጀመሪያ የደቡቡ ጦር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ያለችውን ኮሎምበስን ያዘ። ገና ስሙ ያልታወቀ ዩሊሲዝ ግራንት የተባለ ጄኔራል ኬሮ ላይ ዋና ሰፈሩን ተክሎ ነበርና በቀናት ውስጥ በኦሃዮ ሽቅብ ሄዶ ፓዱካን በመያዝ መለሰ። በኖቬምበር ቤልሞንት ላይ ተዋጋ፤ በፌብሩዋሪ 1862 ከኬሮ ተነሥቶ ፎርት ሄንሪንና ፎርት ዶኔልሰንን ማረከ። ኋላ ፕሬዚዳንት ያደረገው ዝና የተጀመረው ከዚህ ነው። በጎረቤቷ ማውንድ ሲቲ ብረት ለበስ የጦር ጀልባዎች ተሠርተዋል። ከነሱ አንዷ ስሟ ራሱ «ኬሮ» ነበር፤ በዲሴምበር 1862 ያዙ ወንዝ ላይ ፈንጂ መታትና ሰጠመች። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1964 ከጭቃው ወጥታ ዛሬ ሚሲሲፒ ውስጥ ቪክስበርግ ላይ ትታያለች። ከተማዋን ሳያዩ ጀልባዋን ያዩ አሜሪካውያን እጅግ ብዙ ናቸው።

ጦሩ ወደ ደቡብ ሲገፋ ከእርሻው ያመለጡ ጥቁሮች በሺዎች ወደ ኬሮ ፈለሱ። ሠራዊቱ ድንኳንና የጦር ሰፈር ቤት ሰጣቸው። በ1862 የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ከኬሮ ወደ ሰሜን እየተላኩ ሥራ እንዲያገኙ አዘዘ፤ የኢሊኖይ ነጮች ግን አጉረመረሙ፤ ምርጫም ቀርቦ ነበርና ትእዛዙ ብዙም ሳይቆይ ተገታ። ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የዛሬዎቹ የኬሮ ጥቁር ቤተሰቦች ታሪክ በከፊል ከዚያ ሰፈር ይጀምራል።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኬሮ የጥጋብ ዘመን ነው። የውጭ ዕቃ የሚቀረጥበት የድንጋይ ጉምሩክ ቤት ከ1867 እስከ 1872 ተሠራ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ካፒቴን ዊሊያም ሃሊዴይ «ሪቨርሎር» የተባለውን ቤት በ1865 ሠራ፤ የዱቄት ነጋዴው ቻርልስ ጋሊገር ደግሞ በአንጻሩ ባለ አራት ፎቅ «ማግኖሊያ ማኖር»ን አስገነባ። ግራንት የፕሬዚዳንትነቱን ዘመን ጨርሶ በ1880 ሲመጣ ያረፈው በዚህ ቤት ነው። አና ሳፎርድ የተባለች ሴት በሟች ባሏ ስም ያሠራችው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1884 ተከፈተ፤ እስከ ዘመናችን ድረስም አገልግሏል።

ሀብቱ ሁሉ የመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ ኬሮ ላይ ሁሉም መቆም ነበረበት። በአካባቢው ሰሜንና ደቡብን የሚያገናኝ ድልድይ አልነበረም። የደቡቡ ሐዲድ ደግሞ እስከ 1881 ድረስ ከሰሜኑ ይሰፋ ስለ ነበር ፉርጎው በጀልባ ተሻግሮ እግሩ ይለወጥለታል። መቆም ማለት ተሸካሚ፣ መጋዘን፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት ማለት ነው። ይህን ያፈረሰው፣ የሚገርመው ነገር፣ ከተማዋ በደስታ ያስመረቀችው ሥራ ነው። በኦክቶበር 1889 በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ተከፈተ፤ መሐንዲሱ ጆርጅ ሞሪሰን ነው። ከነመዳረሻው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በዘመኑ ከነበሩት የብረት ግንባታዎች ረጅሙ ይባል ነበር። ይችል እንደ ሆነ ለመፈተን ከባባድ ሎኮሞቲቮች ተቀጣጥለው ሲሻገሩበት ሕዝቡ ዳር ቆሞ ጮኸ። ከዚያ ቀን በኋላ የቺካጎው ባቡር ወደ ኒው ኦርሊንስ ለመሄድ ማንንም ማውረድ አያስፈልገውም ነበር።

አንድ ዓይነት መቆም ግን ቀረ። ደቡቦቹ ግዛቶች ጥቁሮችን በተለየ ፉርጎ የሚያስቀምጡ ሕጎች ሲያወጡ መለያያው ጣቢያ ኬሮ ሆነች። ወደ ደቡብ የሚወርድ ጥቁር ተሳፋሪ ኬሮ ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ጥቁሮች ፉርጎ ይዛወራል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ ከዚህ በኋላ የፈለገበት የመቀመጥ መብት ነበረው። ከሚሲሲፒና ከቴነሲ ወደ ቺካጎ የተሰደዱት ጥቁሮች ለልጆቻቸው ስለ ጉዞው ሲያወሩ የኬሮ ስም ይነሣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማዋ ራሷ ግን ሰሜን አልነበረችም። በኖቬምበር 1909 ዊሊያም ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው አንዲት ነጭ ወጣት ገድሏል ተብሎ ተጠረጠረ፤ በወሩ 11ኛ ቀን ሺዎች የተሰበሰቡበት መንጋ ከሸሪፉ እጅ ነጠቀው። በኤሌክትሪክ አምፖል በደመቀው የንግድ መንገዱ ቅስት ላይ ሰቀሉት፤ ገመዱ ሲበጠስ በጥይት ደበደቡት። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ማስረጃም አልተመዘነም። በዚያው ሌሊት መንጋው ሚስቱን ገድሏል የተባለ ነጭ እስረኛም ከወኅኒ አውጥቶ ገደለ። የድርጊቱ ፎቶግራፍ ፖስት ካርድ ሆኖ ተሸጠ። ገዥው ቻርልስ ዲኒን ብሔራዊ ዘብ ላከ፤ በ1905 የወጣው የመንጋ ጥቃት ሕግ እስረኛውን ያስነጠቀ ሸሪፍ ከሥልጣኑ ይውረድ ስለሚል ሸሪፉ ተሻረ። ሸሪፉ እንዲመለስ ባመለከተ ጊዜ ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ ከቺካጎ ወደ ኬሮ ሄደች፤ ማስረጃ ሰበሰበች፤ በገዥው ፊት ቀርባ ተከራከረች። ገዥውም ሸሪፉን አልመልስም አለ። ሕግ በወረቀት መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚከራከርለት ሰው እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ማሳያ በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ስለ ጎርፉ ደግሞ። ኬሮ በኢሊኖይ ዝቅተኛው መሬት ላይ የተቀመጠች ናት። ክትሩና ግንቡ በወንዝ መለኪያ 64 ጫማ፣ ማለትም 19.5 ሜትር ድረስ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። በሰሜን በኩል ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ በክትሩ ሥር ያልፋል፤ ውኃ ሲመጣ ግዙፍ የብረት በር ቁልቁል ይወርድና ከተማዋ ትዘጋለች። በ1937 ወንዙ 59.5 ጫማ ሲደርስ ሴቶችና ልጆች ወጥተው ወንዶቹ በግንቡ ላይ በእንጨትና በአፈር ሌላ አንድ ሜትር ገደማ ጨመሩ። ወንዙ ግን እንዲጎድል የተደረገው በሌላ ሰው መሬት ነው። በ1928 የወጣው የጎርፍ መከላከያ ሕግ በሚዙሪ በኩል በርድስ ፖይንት ከተባለው ቦታ እስከ ኒው ማድሪድ ያለውን የእርሻ መሬት የጎርፍ ማስተንፈሻ አድርጎት ነበር፤ በ1937 ክትሩ በድማሚት ተነደለ።

ከ74 ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። በሜይ 2 ቀን 2011 መለኪያው 61.72 ጫማ አሳየ፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ነው። ነዋሪዎች እንዲወጡ ታዘዘ። ሚዙሪ ክትሩ እንዳይፈነዳ ከሰሰች፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውድቅ ሆነ። በዚያ ሌሊት የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የሚሲሲፒ ሸለቆ ክፍል አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ማይክል ዋልሽ ክትሩን አስፈነዳ፤ ከ52,000 ሄክታር በላይ የእርሻ መሬት በውኃ ተሸፈነ። ኬሮ ዳነች።

ስለዚያ ሌሊት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚባለው የሚዙሪ ሀብታም ገበሬዎች ለድሃ የጥቁሮች ከተማ ሲሉ መሬታቸውን አጡ የሚለው ነው። እውነቱ ከዚህ ይወሳሰባል። በማስተንፈሻው ውስጥ ፒንሁክ የምትባል መንደር ነበረች፤ በ1940ዎቹ የመሠረቷት ጥቁር ገበሬዎች ናቸው። ጥቁር በመሆናቸው ሌላ ቦታ መሬት የሚሸጥላቸው ስላጡ ጎርፍ ሊለቀቅበት የሚችለውን መሬት ገዙ። ኬሮን ያዳነው ውኃ ፒንሁክን አጠፋት። ይህን ሳያነሡ ስለዚያ ሌሊት ማውራት ነገሩን ግማሽ ማድረግ ነው።

ወደ ከተማዋ ውስጥ እንመለስ። በ1946 የኬሮ ጥቁር መምህራን እኩል ደመወዝ ጠይቀው ክስ መሠረቱ፤ ጠበቃቸው ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ነበር። በ1952 ጥቁር ልጆችን ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት የማስገባት ዘመቻ ሲጀመር መስቀል በእሳት ተቃጠለ፤ የአንድ ጥቁር ሐኪም ቤትም በድማሚት ተመታ። በ1962 ክረምት ወጣቱ የሲቪል መብት ታጋይ ጆን ሉዊስና ጓደኞቹ በመዋኛ ገንዳው ላይ ሰልፍ ወጡ። ገንዳው «የግል ክበብ» ነው እየተባለ ጥቁር አይገባበትም ነበር። ሉዊስ ከሁለት ሌሎች ጋር ተንበርክኮ ሲጸልይ ዳኒ ላየን ያነሣው ፎቶ የዚያ ዘመን ትግል መለያ ፖስተር ሆነ። ብዙ ሰው አላባማ ወይም ሚሲሲፒ ውስጥ የተነሣ ይመስለዋል። ገንዳው ምን ሆነ? ጥቁር ልጅ ከሚዋኝበት ይዘጋ ተብሎ ተዘጋ፤ በኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። በኬሮ ሙቀት የነጮቹ ልጆችም መዋኛ አጡ።

የገንዳው ታሪክ በጁላይ 1967 ወደ ከተማዋ ሁሉ ተስፋፋ። ሮበርት ሃንት የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን ሰቀለ አለ፤ የጥቁሮቹ ሰፈር አላመነም፤ ቃጠሎና ተኩስ ተነሣ። ነጮች «ነጭ ባርኔጣ» የተባለ የታጠቀ ቡድን አቋቋሙ። በ1969 በቄስ ቻርልስ ኮን የሚመራው «የተባበረ ግንባር» ጥቁር ሠራተኛ የማይቀጥሩ ሱቆች ላይ ያለመግዛት አድማ ጠራ። ፒራሚድ ኮርት በተባለው የጥቁሮች የኪራይ ቤቶች ሰፈር ላይ ከክትሩ አናት ሌሊት ይተኮስ ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ጥይት እንዳያገኛቸው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስተኙ። የሌላ የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪ የነበረው ፕሬስተን ዩዊንግ ካሜራ ይዞ የዞረው በዚህ ወቅት ነው፤ የሰልፎቹን መልክ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከሱ ፎቶዎች ነው። በ1972 የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ኬሮ ድረስ መጥቶ ምስክር ሰማ።

አድማው የጠየቀው ብዙ አልነበረም። የሚገዛን ሰው ሻጭ አድርጎ መቅጠር ነበር። ከከተማዋ ሕዝብ ከሦስት አንድ በላይ የሆነው ጥቁር ደንበኛ በራፉን ሲያልፍ ባለ ሱቆቹ ቀጥሮ ከመትረፍ ዘግቶ መሄድን መረጡ። በ1960 9,348 የነበረው ሕዝብ በ1970 6,277 ሆነ። የከተማዋ ምክር ቤት አባላት አመራረጥ በፍርድ ቤት ስምምነት ተለውጦ ጥቁሮች መቀመጫ ያገኙት በ1980 ነው። ያኔ ካዝናው ባዶ ነበር።

ድልድዩና ጎዳናው ለከተማዋ ምንም አላደረጉም ማለት አይደለም። በ1929 በሚሲሲፒ ላይ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በኦሃዮ ላይ የመኪና ድልድዮች ሲሠሩ የመሻገሪያ ጀልባዎቹ ሥራ አጡ። በ1978 የኢንተርስቴት 57 አውራ ጎዳና ድልድይ ሲከፈት የጭነት መኪናው ሁሉ በሰሜን በኩል ታክኳት ማለፍ ጀመረ። ግን ጎረቤቶቿስ? ፓዱካ ከኬሮ ሽቅብ በዚያው በኦሃዮ ዳር ናት፤ እሷም ድልድይ አላት፤ እሷም በጎርፍ ግንብ የታጠረች ናት። ዛሬ 27,000 ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ ግንቧን በታሪኳ ሥዕል አስጊጣለች፤ በ2013 ዩኔስኮ ከፈጠራ ከተሞች አንዷ ብሎ መዘገባት። ኬፕ ጂራርዶ ደግሞ በሚሲሲፒ በኩል ከነዩኒቨርሲቲዋ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይዛለች። እርግጥ ፓዱካ በ1950ዎቹ የዩራኒየም ፋብሪካ አግኝታለች፤ ዕድሉ እኩል አልነበረም። ይሁንና ወንዝ፣ ባቡርና ድልድይ የጋራቸው ሆኖ ሳለ አንዷ ብቻ ከዘጠኝ ሰው ስምንቱን ካጣች ምክንያቱን ከድልድይ ውጭ መፈለግ ያሻል።

ቀሪው በአጭሩ ይነገራል። ሆስፒታሉ በ1986 ተዘጋ። በ2016 የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የካውንቲውን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተረከበ። ኤልምዉድና ማክብራይድ የተባሉት ሰፈሮች አይጥና ትኋን የወረራቸው፣ ማሞቂያ የጎደላቸው ሆነው ተገኙ። በ2017 ይፈርሱ ተባለ፤ 185 ያህል ቤተሰቦች ሌላ ቤት እንዲፈልጉ የኪራይ ድጋፍ ወረቀት ተሰጣቸው። በኬሮ ውስጥ ግን በቂ የሚከራይ ቤት አልነበረምና ብዙዎቹ ወንዝ ተሻግረው ሚዙሪ ገቡ፤ ሌሎቹም በኢሊኖይ ሽቅብ ሄዱ። በመሥሪያ ቤቱ ክትትል ጉድለት የተጎዱት፣ መፍትሔ ተብሎ ከተማቸውን የለቀቁትም እነዚያው ተከራዮች ናቸው። በ2015 የተዘጋው ብቸኛ ትልቅ የምግብ መደብር ለስምንት ዓመት ያህል ምትክ አላገኘም፤ በ2023 ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ «ራይዝ» የተባለ መደብር ከፈቱ። የንግድ መንገዱን ፍርስራሽ ለማንሣት ካሜራ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ይህን መደብር ቢያነሡ ያላነሰ ነገር ያገኙ ነበር።

ወንዙ ግን ሥራ አልፈታም። ከኬሮ በታች እስከ ባሕር ድረስ በሚሲሲፒ ላይ የመርከብ ማንሻ ግድብ የለም፤ ስለዚህ ገፊ ጀልባዎች ከላይ በአሥራ አምስት ሲገፏቸው የነበሩትን የጭነት ታንኳዎች እዚህ ሰላሳና ከዚያ በላይ አድርገው ያስራሉ። አሥራ አምስቱ ብቻ የሺህ ያህል የጭነት መኪናዎችን ሸክም ይይዛሉ። በቆሎው፣ አኩሪ አተሩና የድንጋይ ከሰሉ በኬሮ አጠገብ ተደርድሮ ይቆምና ይሄዳል። በ2018 ከከተማዋ ጥቂት ሽቅብ የኦልምስቴድ ግድብ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ተመረቀ። በ2020 የኢሊኖይ መንግሥት ለኬሮ አዲስ ወደብ 40 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ሐሳቡ ታንኳዎቹ የሚራገፉበት፣ ጭነቱም ወደ ባቡርና ወደ መኪና የሚዛወርበት ቦታ መሥራት ነው። በ1889 የጠፋውን መቆም መመለስ ማለት ነው። ወደቡ ሲጀምር የሚያራግፍ፣ የሚመዝን፣ የሚጠግን ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ የሚከራየው ቤት ይፈልጋል። ከ2017 ወዲህ የፈረሱት አፓርትማዎች ቦታ ላይ የበቀለው ሣር ነው፤ እዚያ ይኖሩ ከነበሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ አሁን የሚዙሪ ግብር ከፋዮች ናቸው።